እርከን ያላት ጀልባ፤ ስለ ፍጥነትና ስለ ቤንዚን

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ስለዚህ ከዚህ መጽሔት አንባብያን አንዳንዶቹ የጽሑፌን ርእስ ሲያዩ «ይህ ልጅ ደግሞ ጀልባ ከየት አገኘ?» ብለው እንደሚስቁ አልጠራጠርም። በእርግጥም በከተማችን ውስጥ ጀልባ የለም። ዓባይም ቢሆን በቦረና ቆላ ሥር፥ በገደሉ ግርጌ ያልፋል እንጂ ጀልባ የሚያንሸራሽር ወንዝ አይደለም። እኔም ባለፈው ኅዳር ወር አንድ የቤተሰብ ጉዳይ ባይገጥመኝ ኖሮ፥ ስለ ጀልባ ሆድ ቅርጽ አንድም ቀን ባላሰብሁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም በባሕር ዳር ይኖራሉ። ከብረት ቆርቆሮ የተበየደች፥ 7 ሜትር ርዝመት ያላት፥ ከኋላዋ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር የተንጠለጠለባት አንዲት ጀልባ አለቻቸው። በእርስዋም ሰውና ዕቃ ወደ ዘጌና ወደ ሌሎች የጣና ዳርቻዎች እያመላለሱ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። በዚያ ወር አባቴን በስልክ ጠርተው አንድ ነገር ለመኑ። የጀልባዋ ሆድ አርጅቶ ስለነበር አዲስ ሆድ ሊያሠሩ ነው። የሚሠራላቸው በያጅ ደግሞ የውጭ አገር የእሽቅድምድም ጀልባዎችን በስልኩ አይቶ ኖሮ፥ «ከሆድዋ ሥር ሁለት ደረጃ ላውጣላት፤ ፍጥነትዋ ይጨምራል፥ ከቤንዚኑም ሢሶው ይተርፍዎታል» አላቸው። ለዚህ ለደረጃው ብቻ የጠየቀው ተጨማሪ ገንዘብ ከአንድ ጥሩ የእርሻ በሬ ዋጋ የማያንስ ነበር። አጎቴም ያንን ገንዘብ ከአባቴ ሊበደሩ ፈለጉ።

እኛ ያለን በሬ አንድ ጥማድ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢሸጥ ሌላው ብቻውን አያርስም፤ መኮናተር ወይም መከራየት ግድ ይሆናል። አባቴ ግን ለሚስታቸው ወንድም እንቢ ማለትም ከበዳቸው። ስልኩን ዘግተው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና ወደ እኔ ዞረው፥ «አንተ ፊዚክስ እማራለሁ ትላለህ፤ እንግዲህ መርምርና ንገረን። እስከ ጥምቀት ጊዜ አለህ» አሉኝ። ከዚህ በታች የማቀርበው ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ውጤት ነው።

በመጀመሪያ ጀልባ በውሃ ላይ ስትሄድ ምን ምን እንደሚይዛት ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ዋና ጠላቶች አሉዋት። አንደኛው ሰበቃ ነው፤ ይኸውም በውሃ የረጠበው የሆድዋ ቆዳ ሁሉ ከውሃው ጋር ሲፋተግ የሚፈጠረው ተቃውሞ ነው። የረጠበው ስፋት እጥፍ ቢሆን ሰበቃውም እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግን ሰበቃው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ሁለተኛው ጠላት ጀልባዋ ራስዋ የምታስነሣው ማዕበል ነው። ጀልባ በሄደች ቍጥር ውሃውን ወደ ጎን ትገፋለች፤ የተገፋውም ውሃ ከፊትዋ ይቈለላል፥ ከመካከልዋ ይጎደጉዳል፥ ከኋላዋ ደግሞ እንደገና ይነሣል። ይህን ኮረብታ ለመሥራት የሚወጣው ጉልበት የሚከፈለው ከቤንዚኑ ነው።

ይህ ማዕበል ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በፈጠነች ቍጥር የማዕበሉ ርዝመት ይጨምራል፤ በመጨረሻ ከጀልባዋ ቁመት ጋር እኩል ይሆናል። ያን ጊዜ አፍንጫዋ በአንዱ ኮረብታ ላይ፥ ጅራትዋ በሌላው ላይ ያርፋል። ከዚያ በላይ ልፍጠን ስትል የኋላው ኮረብታ ጥሎአት ይሄዳል፤ ጅራትዋ ይሰምጣል፥ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ይቀናል፥ እንደ ተጫነች በቅሎም ሽቅብ መውጣት ትጀምራለች። ይህ ወሰን የት እንዳለ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ በቀላል ሂሳብ ሊያገኘው ይችላል። በውሃው ላይ ያለውን የጀልባዋን ርዝመት በሜትር ውሰዱ፤ በራሱ ሲባዛ ያንን ርዝመት የሚሰጠውን ቍጥር ፈልጉ፤ ያንን በ4.5 አባዙት። የሚወጣው ቍጥር ወሰኑ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይነግራችኋል። ለምሳሌ 4 ሜትር ርዝመት ላለው የደንገል ታንኳ 9 ኪሎ ሜትር፥ ለአጎቴ ጀልባ 12 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ለ16 ሜትር ጀልባ 18 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ረጅም መርከብ ከአጭር መርከብ የሚፈጥንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የጣና ታንኳ ይህን ወሰን አያልፍም፤ ማለፍም አያስፈልገው። እግረ መንገዴን ልናገርና፥ ከጣና ዳር የተቈረጠ ደንገል በ1969 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ወደ ግብጽ ተወስዶ ራ የተባለችው የቶር ሄየርዳል ጀልባ ተሠርቶበታል፤ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይም ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጕዞአል። ያም ጕዞ ቢሆን የቀስታ ጕዞ ነበር።

ወሰኑን ለማለፍ የሚቻለው ግን በሌላ ዘዴ ነው። ሁላችንም በልጅነታችን ጠፍጣፋ ድንጋይ በወንዝ ላይ እየወረወርን አጫውተናል። ድንጋይ ከውሃ ይከብዳል፤ ሆኖም በፍጥነት ሲወረወር ከላይ ከላይ እየነጠረ ይሄዳል። ጠፍጣፋ ሆድ ያላት ጀልባም በቂ ጉልበት ካላት የማዕበሉን ኮረብታ ወጥታ፥ ከጫፉ አልፋ፥ በውሃው ገጽ ላይ መንሸራተት ትጀምራለች። ያን ጊዜ የሚሸከማት የተገፋው ውሃ ክብደት መሆኑ ቀርቶ፥ ከሆድዋ ሥር ወደ ታች የሚመታው ውሃ ሽቅብ የሚመልሰው ኃይል ይሆናል። ማዕበሉ ይቀንሳል፤ ሰበቃው ግን ከፍጥነቱ ጋር እየባሰ ይሄዳል። እንግዲህ የእርከን ጥቅም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም በአውቶቡስ የመጣ ሰው እጁን በመስኮት አውጥቶ መዳፉን ጥቂት ቢያዘነብል ነፋሱ ወደ ላይ ሲያነሣው ያውቃል። በጣም ቢያዘነብለው ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ጨርሶ ቢዘረጋው አያነሣውም። ውሃም እንዲሁ ነው። ለሚንሸራተት ሆድ የሚበጀው ማእዘን 4 ዲግሪ ያህል ነው። ደግሞም ከሆድዋ ሥር ዋናውን ሸክም የሚሸከመው ከውሃው ጋር መጀመሪያ የሚገናኘው የፊት ጠርዝ ብቻ ነው፤ ከዚያ በስተኋላ ያለው ረጅም ቆዳ ጥቂት ተሸክሞ ብዙ ይፋተጋል። አንድ ሰው ቢሠራ አራት ሰው የሚበላበት ቤት ማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ ረጅምና ጠባብ ሆድ ይልቅ፥ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭርና ሰፋፊ ሆዶች ተከታትለው ቢቀመጡ፥ ሁሉም በየፊት ጠርዛቸው ይሸከማሉ፤ የሚፋተገው ስፋትም ይቀንሳል።

ይህን ለማድረግ የጀልባዋ ሆድ ከጎን ወደ ጎን ይቈረጥና የኋላው ክፍል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ገባ ይላል። ከሥር ሆኖ ለሚያይ ሰው የተራራ እርከን ይመስላል፤ እኔም «ደረጃ» ከማለት ይልቅ «እርከን» ማለትን የመረጥሁት ስለዚህ ነው። በእኛ በወሎ ተራራ ላይ እርከን የሚሠራው የሚሮጠውን ውሃ ለማቆምና አፈሩን ለመያዝ ነው። በጀልባ ሥር ያለው እርከን ግን ውሃው ሆዱን ለቆ እንዲሄድ የሚያደርግ ነው። ውሃው የእርከኑን ጠርዝ ሲያልፍ ወዲያው ወደ ላይ መታጠፍ አይችልም፤ ስለዚህ ከጠርዙ በስተኋላ ባዶ ቦታ ይከፈታል። ይህ ባዶ ቦታ እንዳይመጥጥ በሁለቱ ጎን አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይበጅለታል። ጀልባዋም በከፊል በውሃ፥ በከፊል በአየር ላይ ትሄዳለች። በጥሩ ባለሙያ የተሠራ እርከን በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ከተቃውሞው በመቶ ከ10 እስከ 15 ያህል ሊቀንስ ይችላል። ሢሶ ግን አይደለም። በያጁ እዚህ ላይ አጋንኖ ነበር።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1872 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ራመስ የተባሉ አንድ የእንግሊዝ ቄስ ለአገራቸው የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት እርከን ያለው መርከብ ይሠራ ብለው አመለከቱ። መሥሪያ ቤቱም ነገሩን ዊልያም ፍሩድ ለተባለው መሐንዲስ መራው። ፍሩድ ትናንሽ የመርከብ ሞዴሎችን በረጅም ገንዳ ውስጥ እየጎተተ የትልልቆቹን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነበር። እርሱም ሞክሮ፥ ለዚያ ዘመን ከባድ የእንፋሎት ሞተር ሐሳቡ እንደማይበጅ አስረዳ። ቄሱ አልተሳሳቱም ነበር፤ ነገር ግን ሞተሩ ገና አልተወለደም። ቀላልና ብርቱ የቤንዚን ሞተር ከመጣ በኋላ፥ በ1912 ሜፕል ሊፍ አራተኛ የተባለች አምስት እርከን ያላት የእንግሊዝ ጀልባ ወደ አሜሪካ ተሻግራ የሃርምስወርዝን ዋንጫ አሸነፈች። በ1916 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል የቶርኒክሮፍት ፋብሪካ 12 ሜትር ርዝመት ያላቸውን፥ አንድ እርከን ያወጡ የቶርፔዶ ጀልባዎች ሠራ፤ እነርሱም በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጡ ነበር። በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችም ከሆዳቸው ሥር እርከን አላቸው፤ ያለ እርሱ ውሃው ስቦ ይይዛቸውና ለመነሣት ይቸገራሉ።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ልቤ ወደ በያጁ አደላ። የፊዚክስ መምህራችን ግን ወረቀቴን አይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «የአጎትህ ጀልባ በሰዓት ስንት ትሄዳለች?» እኔም አላውቅም ነበር። ወደ ባሕር ዳር ስልክ ደወልሁ። አጎቴም እየሳቁ፥ «በጣም ትሮጣለች!» አሉኝ። በሰዓት ስንት እንደሆነ በስልካቸው እንዲለኩልኝ ለመንኋቸው። 11 ሰው አሳፍረው፥ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው፥ 18 ኪሎ ሜትር ሆነች።

አንባቢ ሆይ፥ ወደ ኋላ ተመልሰህ ያንን ኮረብታ አስታውስ። የዚህች ጀልባ ወሰን 12 ነው። ከነሸክምዋ 1,800 ኪሎ ግራም ያህል ስለምትመዝን፥ በደንብ መንሸራተት የምትጀምረው በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስትደርስ ነው። 18 ማለት ከሁለቱ መካከል፥ በኮረብታው ወገብ ላይ፥ አፍንጫዋን ሰቅላ የምትፍጨረጨርበት ቦታ ነው። ከቦታዎች ሁሉ ቤንዚን አብዝቶ የሚበላው ያ ነው። እርከኑ በዚያ ፍጥነት አየር አያገኝም፤ ከውሃ በታች ሰምጦ ይቀራል፤ ከጠርዙ ኋላ የሚሽከረከረው ውሃ እንደ መልሕቅ ይጎትታታል። ስለዚህ በሂሳብ እርከኑ ጥቅም ሳይሆን ጕዳት ሊሆን ነው።

በሂሳብ ብቻ ግን አባቴን ማሳመን አይቻልም፤ እርሳቸው ያላዩትን አያምኑም። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ከዋንዛ እንጨት ሁለት ሞዴሎች ጠረብን። እያንዳንዳቸው 70 ሴንቲ ሜትር፥ ማለት የጀልባዋ አንድ ዐሥረኛ ናቸው። ቁመቱ በ10 ሲያንስ ክብደቱ በ1,000 ስለሚያንስ፥ ጠጠር ጨምረን ሁለቱንም 1.8 ኪሎ አደረግናቸው። ከአንደኛዋ ሥር አምስት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ሁለት እርከኖች አወጣን። ፍሩድ እንዳስተማረው፥ የሞዴሉ ፍጥነት ከትልቋ ጀልባ ፍጥነት በ10 ሳይሆን በ3.16 መከፈል አለበት፤ ማዕበሉ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መልክ የሚኖረው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የአጎቴ 18 ኪሎ ሜትር በእኛ ኩሬ ላይ በሰከንድ 1.6 ሜትር ያህል ይሆናል።

ከከተማው ዳር ለከብት ውሃ የተቈፈረች አንዲት ኩሬ አለች፤ ከግድብዋ በታች ቁልቁለት ነው። በግድቡ ጫፍ መዘውር ተከልን፤ ክሩን አንዱን ጫፍ ከሞዴሉ አፍንጫ አሰርን፥ በሌላው ጫፍ በሱቅ ሚዛን የተመዘነ ጠጠር በከረጢት አንጠለጠልን። ከረጢቱ ወደ ገደሉ ሲወርድ ሞዴሉ ይሳባል። (የደጋ ሰው መሆን ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል፤ ገደል አልቸገረንም።) ጉዞዋን በእጅ ጥቂት ገፋ አድርገን አስጀምረን፥ አራት ሜትሩን በሁለት ሰከንድ ተኩል እንድትጨርስ የሚበቃውን ክብደት እየጨመርንና እየቀነስን ፈለግን። እርከን የሌላት 220 ግራም በቃት። እርከን ያላት 250 ፈለገች። ሙከራውን በሦስት ቅዳሜ ደገምነው፤ ውጤቱ በጥቂት ግራም ከፍ ዝቅ ከማለት በቀር አልተለወጠም።

በከፍተኛ ፍጥነት እርከኑ እንዲያሸንፍ ማየት ደግሞ ፈለግን፤ ያለዚያ እርከኑን አበላሽተን ሠርተን ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ነበረብኝ። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ለምትሮጥ ጀልባ ሞዴላችን በሰከንድ 4 ሜትር ያህል መሄድ አለባት። ለዚህ ገደሉም አልበቃም። ስለዚህ በክፍላችን አንደኛ የሆነውን ሯጭ ለመንነው። ረጅም በትር ይዞ፥ በበትሩ ጫፍ በጸደይ የሚሠራ የእጅ ሚዛን አንጠልጥሎ፥ በኩሬው ዳር እየሮጠ ሞዴሉን ጎተተልን። የሚዛኑ ቀስት በየእርምጃው ይዘላል፤ እኛም በስልክ ፊልም አንሥተን ቀስ እያደረግን አነበብነው። እርከን የሌላት በ330 እና በ370 ግራም መካከል፥ እርከን ያላት በ290 እና በ320 መካከል ሆነች። እንግዲህ እርከናችን ደኅና ነው፤ ቦታው ነው ያልሆነው። ትንሽ ሞዴል ከትልቅ ጀልባ ይልቅ በሰበቃ ስለሚጎዳ እነዚህ ግራሞች እንዳሉ ወደ ጣና ሊወሰዱ አይችሉም። የትኛዋ በየትኛው ፍጥነት እንደምትሻል ግን በሚገባ ይናገራሉ። በመጨረሻው ሩጫ ሯጩ በጭቃው አዳልጦት ከነሚዛኑ ኩሬ ውስጥ ገብቷል፤ ስለ ትዕግሥቱ እናመሰግነዋለን።

አባቴም በሁለተኛው ቅዳሜ መጥተው ቆመው አዩ። ከረጢቱን ራሳቸው አንሥተው መዘኑና፥ «ታዲያ ይህ ሰው ቤንዚኑ የሚያልቅበት በምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው የተሻለ ጥያቄ ነበር፤ እኔም ከዚያ በኋላ ያደከመኝ እርሱ ነው።

አንደኛው ምክንያት አየሩ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሐይቅ ነው። ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር በማቃጠል ስለሆነ፥ አየሩ በሳሳበት አገር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ ያህል ይጐድላል ቢባል ከእውነት አይርቅም። እንግዲህ በፋብሪካው ወረቀት 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር በጣና ላይ 33 ያህል ብቻ ነው። በላዩ ላይ የተገጠመው ፕሮፔለር ለባሕር ዳርቻ አገር የተመረጠ ከሆነ ደግሞ ለደከመው ሞተር ይከብደዋል፤ በሦስተኛ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ያጓራል እንጂ የሚገባውን ያህል አይዞርም። መድኃኒቱም ጥርሱ ያነሰ ቅናት ያለው፥ ማለት በአንድ ዙር ጥቂት ርቀት ብቻ የሚገፋ ፕሮፔለር መግጠም ነው። ካርቡራተሩም ለሳሳው አየር ካልተስተካከለ ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣል፤ ትርፉ ሳይቃጠል በጢስ ይወጣል። የአጎቴ ሞተር ጥቍር ጢስ እንደሚተፋ እኔ ራሴ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ የብርታቱ ምልክት ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛው የሸክም አቀማመጥ ነው። ተሳፋሪዎች ከነፋሱ ለመሸሽ ወደ ኋላ ይሰበሰባሉ፤ ቤንዚኑም፥ ዕቃውም፥ ሞተሩም ከኋላ ነው። ጅራትዋ የከበደ ጀልባ ኮረብታውን ለመውጣት ይበልጥ ትቸገራለች። ሁለት ሰውና የቤንዚኑ ጀሪካን ወደ ፊት ቢሄዱ አፍንጫዋ ይወርዳል። ሦስተኛው ከሆድዋ ሥር የሚበቅለው አረንጓዴ ልባስ ነው፤ እርሱን በየጊዜው መፋቅ ከክንድ በቀር ምንም አያስወጣም።

አራተኛውና ትልቁ ፍጥነቱ ራሱ ነው። አጎቴን ለመንሁና በአንድ ቀን አንዱን መንገድ፥ 15 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው፥ መልሱን ደግሞ በሰዓት በ11 ኪሎ ሜትር ሄዱልኝ። ቤንዚኑንም በሊትር በተመለከተ ጀሪካን ለኩት። በፍጥነቱ 50 ደቂቃና 13 ሊትር ፈጀ። በቀስታው አንድ ሰዓት ከ22 ደቂቃና ከ6 ሊትር ጥቂት የበለጠ ፈጀ። 32 ደቂቃ ለመቅደም 7 ሊትር ያህል ቤንዚን ተቃጥሏል ማለት ነው። አጎቴ በስልክ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «እንዴ፥ አንተ ልጅ፥ ቀስ ያለች ጀልባ ላይ ሰው አይሳፈርም፤ ጎረቤቴ ጥሎኝ ይሄዳል» አሉ። ይህ መልስ ፊዚክስ የማይመልሰው ነው፤ እውነትም አለበት። እኔም፥ «ጋሼ፥ ሰው ሲያሳፍሩ እንደ ፈቀዱ ይሂዱ፤ ባዶዋን ሲመለሱ ግን ማን ያያል?» አልኋቸው።

እርከን ያላት ጀልባ አደጋም እንዳላት ለአጎቴ ሳልነግራቸው አልቀረሁም። በፍጥነት ስትታጠፍ የአንዱ ወገን የአየር ቀዳዳ በውሃ ቢደፈን፥ ያ ወገን በድንገት ይጣበቅና ጀልባዋ ባለችበት ትሽከረከራለች፤ ሰውም ይጥላል። እርከኑ የሚወጣበት ቦታና ጥልቀቱ ከጀልባዋ የክብደት ማእከል ጋር ካልተስማማም አፍንጫዋ ይደፋል። ስለዚህ በግምት የሚበየድ ነገር አይደለም፤ ስሌትና ሙከራ የሚሻ ሥራ ነው። ሕፃን ያዘለች እናት በምትሳፈርበት ጀልባ ላይ ደግሞ ግምት ይቅርብን።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ፥ «ታዲያ በእኛው በዓባይስ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በዓባይ ሸለቆ ጀልባን የሚፈትነው ድንጋይ ነው። በ1903 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ የብረት ጀልባዎች አሠርቶ በወንዙ ለመውረድ ሞክሮ ነበር፤ ጕዞው እንደ ተጀመረ ጀልባዎቹ ተሰባብረው ቀረ። በ1968፥ ማለት በእኛ በ1960 ክረምት መጨረሻ ላይ፥ ብላሽፎርድ ስኔል የተባለው የእንግሊዝ መኰንን የመራው ቡድን ከጢስ ዓባይ በታች ያለውን ጥልቅ ሸለቆ በነፋስ በተነፉ የጎማ ጀልባዎች ወረደው። ይህ ሸለቆ በቦረና ወሰን የሚያልፈው ነው። ጎማ ድንጋይ ሲመታው ይተጣጠፋል፤ እርከን ያለው ብረት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይቀደድ ነበር። የእኛ ቆለኞችም ስልቻ ነፍተው፥ ታቅፈው ወንዙን ሲሻገሩ የኖሩት ይህንኑ ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

እርከን በአገራችን ፈጽሞ ቦታ የለውም ለማለት ግን አልደፍርም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ከኋላው የያዘው ንጋት ሐይቅ 246 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ሲሞላ የውሃው ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር ነው። እዚያ ያለ ሞተር በአየሩ ምክንያት የሚያጣው ከመቶ 6 ያህል ብቻ ነው። በዚያ ሐይቅ ዳር ታሞ የወደቀን ሰው ወደ ሐኪም የምታደርስ፥ ሦስት ወይም አራት ሰው ብቻ የምትጭን ቀላል ጀልባ ብትኖር፥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለረጅም መንገድ መሮጥ ይገባታል። ለእንዲህ ዓይነቷ ጀልባ በባለሙያ የተሰላ እርከን ገንዘቡን ይመልሳል። በጣና ላይ ግን 11 ሰው፥ ሁለት ኩንታል እህልና ፍየል ጭና ለምትሄደው ለአጎቴ ጀልባ አይደለም።

አጎቴ በየካቲት ወር አዲሱን ሆድ አሠሩ፤ እርከን የለውም። በያጁ ጥቂት ተቀይሞ ነበር፤ ሆኖም ሥራውን በደንብ ሠርቷል። በሬ ለመግዛት በማይበቃ ገንዘብ ሌላ ፕሮፔለር አስገጠሙ፥ ካርቡራተሩንም አስተካከሉ። አሁን በዚያው ሸክም 20 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ባዶዋን ስትመለስ ቀስ ብላ እንደምትመለስም ሚስታቸው ነግረውናል፥ እርሳቸው ግን አያምኑም። በሬያችን በመጋቢት ከጓደኛው ጋር ተጠምዶ ዋለ።

ሁለቱ ሞዴሎች በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ፥ በመስኮቱ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ፤ መሞከር የሚፈልግ ተማሪ ከፊዚክስ መምህራችን ፈቃድ ጠይቆ መውሰድ ይችላል። መዘውሩን ከፋሲካ በፊት የወሰደው ሰው ግን እባክህን መልስልን።